ወላጅ አምጪ

ሜልቦርን፣ የካቲት 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የደሴ ጉም ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእንቅልፌ ሩጫዬ ቢበዛም ደህና ነኝ። የጠየቁኝን ሁሉ በየተራው እመልሳለሁ። አንዱን ብዘል በቀይ እስክሪብቶ አስምረው ደብዳቤዬን መልሰው እንደሚልኩልኝ አውቃለሁ።

ስለ ቪዛዬ አይስጉ። የሚነጠቀው ሕጉን የጣሰ ብቻ ነው፤ ሕጉም ቀላል ነው። ትምህርቴን በሙሉ ጊዜ መከታተል አለብኝ፣ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከሃያ ሰዓት በላይ መሥራት አልችልም፣ ቤት ስቀይር ለኮሌጁ እናገራለሁ፣ ከክፍል ደግሞ አልቀርም። ከመቶ ሰማንያ እጅ ካልተገኘሁ ኮሌጁ ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል። ያኔ ቪዛዬ ይሰረዝና በመጪው ታኅሣሥ የምመረቅበትን የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ሳልጨርስ ሻንጣዬን ይዤ ደሴ ሸዋ በር እወርዳለሁ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው በእርስዎ ዩኒት ሊደርነት ዘመን የተማረ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግተው ያረፈደውን ሁሉ ሲያንበረክኩ አይቶ መሆን አለበት።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎት። እዚህ የምጠራው በእርስዎ ስም ነው። አስተማሪያችን መዝገቡን ገልጦ «አብዱልራህማን» ሲል «አለሁ» የምለው እኔ ነኝ። አንዳንዴ ከኋላዬ ቆመው የሚሰሙኝ ይመስለኛል፤ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

የምኖረው ማሪቢርኖንግ የሚባል ሰፈር ነው፤ የጓደኛዎ የጋሽ ይማም ልጅ ፈጡማና ባለቤቷ መሐመድኑር አንድ ክፍል አከራይተውኛል። ማታ ማታ ትልቁን የገበያ አዳራሽ አጸዳለሁ። መሐመድኑር ከከተማው ዳር ክሬጊበርን የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ፈጡማ ሆዷ ገፍቷል። ለጋሽ ይማም ሰላምታዋን ይንገሩልኝ።

በሰዓቷ የምትገኘው ልጅዎ፣
ዙሃራ


ደሴ፣ መጋቢት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ዙሃራ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ያንን ዳገት በቀን አንዴ እወጣዋለሁ። ጡረታ የወጣሁት ከሥራ ነው እንጂ ከዳገት አይደለም።

ሁልጊዜ ለምን በስልክ አናወራም ለምትዪኝ መልሴ ያው ነው። ሰው በስልክ ሲዋሽ ድምፁ አልፎ ይሄዳል፤ በጽሑፍ ሲዋሽ ግን ወረቀቱ እጄ ላይ ይቀራል፣ መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበዋለሁ። ስለዚህ ጻፊ።

የአገሩን ሕግ ወድጄዋለሁ። ተማሪ ካልተገኘ ምኑን ተማሪ ሆነ? ቪዛሽን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ። እናትሽ፣ አላህ ይማራትና፣ ካንቺ የጠየቀችው አንድ ነገር ቢኖር ጀምረሽ እንድትጨርሺ ነበር። ይህ ዲፕሎማ ያንቺ ብቻ አይደለም።

ሌላው አደራዬ ፈጡማ ናት። ትናንት ከመግሪብ በኋላ ጋሽ ይማም ቤቴ መጥቶ፣ ልጄ እናት በሌለበት አገር ልትወልድ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። «ዙሃራ እያለች?» አልኩት። ቃሌን ሰጥቼብሻለሁና አታሳፍሪኝ። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ይህን ለወሎ ልጅ አልነግርም። ባሏ ከሥራ እስኪመለስ ከአጠገቧ አትራቂ። ከክፍልም እንዳትቀሪ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ አንቺ ታውቂበታለሽ።

አባትሽ፣
አብዱልራህማን


ሜልቦርን፣ ግንቦት 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

አባባ፣

ዝምታዬን ይቅር ይበሉኝ። እጄ ሕፃን ይዞ ስለከረመ ነው እስክሪብቶ ያልያዘው። ፈጡማ ሴት ልጅ ወልዳለች! ማሻ አላህ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ድረስ ነው፤ ጩኸቷ ደግሞ ጦሳ ተራራ ላይ ሆና ደሴን የምትጠራ ነው የሚመስለው። ሲሀም ተብላለች።

የወለደች ዕለት የሆነውን ልንገርዎት። እትዬ አሰገደች የሚባሉ እናት አሉ፣ ኖርዝ ሜልቦርን ፎቆቹ ላይ የሚኖሩ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመት እዚህ ቢኖሩም እንግሊዝኛውን ከሰላምታ አላሳለፉትም፤ አራስ ባለችበት ሁሉ ግን ሳይጠሩ ይደርሳሉ። እስላም ትሁን ክርስቲያን አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አብሽ ጠጥታለች ወይ ብለው ነው። ሲሀም እንደተወለደች የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እልልታቸውን አቀለጡት። ነርሶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። መሐመድኑር እያለቀሰ ይስቃል፣ እኔ አስረዳለሁ፣ እሳቸው አላቋረጡም። በመጨረሻ አንዷ ነርስ እንዴት እንደሚደረግ አስተምሩኝ ብላ ሞከረች፤ ሳል ያዛት።

አሁን ቤታችን ገንፎ ገንፎ ይሸታል። ፈጡማ ገና ከአልጋ ለመነሳት ይከብዳታል፤ ቀን ቀን እኔ አለሁላት። መሐመድኑር ፈቃድ ጠይቆ ገና አዲስ ሠራተኛ ነህ ተባለ። ጋሽ ይማምን አይዞዎት፣ አብሽር ይበሉልኝ።

ስለ ትምህርቴ የጠየቁኝም ደህና ነው። ብርዱ ጀምሯል፣ ቅጠሉ ሁሉ ረግፏል።

ልጅዎ ዙሃራ


ደሴ፣ ግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ዙሃራ፣

እንኳን ደስ ያላችሁ። ጋሽ ይማም ደብዳቤሽን ከእጄ ቀምቶ መስጊድ ድረስ ወሰደው፤ እልልታው ጋ ሲደርስ ለሰው ሁሉ ደግሞ ያነብ ነበር። ከእሱ ላይ ለማስመለስ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ።

ካስመለስኩት በኋላ ግን በደንብ አነበብኩት። ስለ ሕፃኗ ፀጉር ጽፈሻል። ስለ ነርሷ ሳል ጽፈሻል። ስለ ትምህርትሽ ስጠይቅሽ «ደህና ነው» ብለሽ ስለ ቅጠል አወራሽኝ። ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ለምን ቀረህ ስለው ስለ ዝናብ የሚያወራኝ ተማሪ ሁልጊዜም የሚደብቀው ነበረው።

መርጋ የሚባል ተማሪ ነበረኝ። ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ሲመጣ «ወላጅ አምጣ» ብዬ አባረርኩት። በማግስቱ አጎቴ ነው ብሎ አንድ ሰውዬ ይዞ ከተፍ አለ። ሰውዬው ገና ወንበር ሳይዝ «ይገረፍ! ይባረር!» እያለ ቢሮዬን አናጋው። የልጁን ሙሉ ስም ስጠይቀው ዞር ብሎ አየውና «ያው ይሄ ልጅ ነዋ» አለኝ። ለካ ከሸዋ በር የተለመነ ጋሪ ነጂ ኖሯል። ከዚያን ቀን ወዲህ የውሸቱን ወላጅ ከእውነተኛው መለየት ቀላል ሆነልኝ። የውሸቱ የሚያየው ዩኒት ሊደሩን ነው፣ እሱን ሊያስደስት። የእውነቱ ግን ልጁን ነው የሚያየው። ይቆጣል፣ ያፍራል፣ ግን ዓይኑ ከልጁ ላይ አይነሳም።

እንግዲህ እኔም ከዚህ ሆኜ አንቺን ነው የማየው። ምን ደበቅሽኝ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አባትሽ፣
አብዱልራህማን


ሜልቦርን፣ ሰኔ 7 ቀን 2000 ዓ.ም.

አባባ፣

ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት። ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ወላጅ አምጪ ተባልኩ።

ኮሌጁ ለኢሚግሬሽን ሊያሳውቅብኝ እንደሆነ ጽፎልኛል። ከሰማንያው በታች ወርጃለሁ። ከማሳወቁ በፊት ቀርቤ ምክንያቴን ማስረዳት እችላለሁ፤ ከጎኔ የሚቆም አንድ ሰው ይዤ እንድመጣም ተፈቅዶልኛል። ወረቀቱን ሳነብ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ። ወላሂ፣ መንገድ ላይ የማገኘውን ትልቅ ሰው ሁሉ ይህ አጎቴ ቢሆንስ እያልኩ ሳይ ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም እንደሚሉ አውቃለሁ። የቀረሁት ከፈጡማ ጋር ሆኜ ነው። ቀኑን እሷ ጋ ነበርኩ፣ ማታ ሥራዬን፣ ከዚያ ከሰው ደብተር ስገለብጥ አድር ነበር። ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ እንኳን ማንንም መውቀስ አልችልም፤ ኮሌጁ በኢሜይል አንዴ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን አራስ ቤት ነበርኩ ስላቸው እግዜር ይስጥሽ ይላሉ ብዬ ቁጭ አልኩ። በእኛ አገር አራስ ስትጠብቅ የነበረችን ሰው ለምን ቀረሽ ብሎ ማን ይጠይቃታል? አስቀድሜ ማስፈቀድ እንዳለብኝ በሐሳቤ አልመጣም። ትናንት ቢሮ ሄጄ ሳስረዳ፣ ጸሐፊዋ በትህትና «እህትሽ ናት?» አለችኝ። አይደለችም። «የባልሽ እህት?» አይደለችም። የአባቴ ጓደኛ ልጅ ናት ስላት መጻፏን አቆመች።

ለእርስዎ ያልነገርኩት ግን ፈርቼ አይደለም። ያዘዙኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው። ቢያውቁ እንቅልፍ እንደማይወስድዎት አውቅ ነበር።

እትዬ አሰገደች አብሬሽ እመጣለሁ ብለዋል። ዱዓ ያድርጉልኝ። ይህን ዲፕሎማ በጣም ነው የምፈልገው አባባ፤ ከደብዳቤዎቼ ላይመስል ይችላል እንጂ ትምህርቴን እወደዋለሁ።

ወላጅ ያጣችው ልጅዎ፣
ዙሃራ


ደሴ፣ ሰኔ 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ፣

ቁጭ ብለው ያንብቡት ብትዪም ቆሜ ጨረስኩት።

ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ለምን ቀረህ ስል ኖሬ የራሴን ልጅ በራሴ ትእዛዝ አስቀረኋት። ሁለቱን አብረሽ አስኪጂው ብዬ ስጽፍ አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንደማይቆም የረሳሁ ሽማግሌ ነኝ። መዝገቡ ልክ ነው፤ ቀሪ የተባለው አብዱልራህማን ነው። ለጋሽ ይማም ስነግረው ከመደቡ ተነስቶ ቆመ።

አንቺ ግን አላጠፋሽም። ብታስፈቅጂ ጥሩ ነበር፤ አራሷን ብትተያት ግን ልጄ ብዬ አልጠራሽም ነበር። ይህን ያዢና ግቢ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሴትዮዋን እናቴ ናት እንዳትዪ። የውሸት ወላጅ ይዞ የገባ ተማሪ አንድም ቀን ተሳክቶለት አያውቅም፤ ጋሪ ነጂውን አስታውሺ። እውነቱን ተናገሪ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው የአላህ ነው። ብትመለሺም አባትሽ ሸዋ በር ቆሞ ይጠብቅሻል፤ አታፍሪም፣ አላፍርም።

ከወረቀቱ ጀርባ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች አንዱንም ሳትዘዪ መልሺልኝ። ለምን እንደጠየቅሁ አትጠይቂኝ።

አባትሽ፣
አብዱልራህማን


ሜልቦርን፣ ሐምሌ 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

አባባ፣

አላሳወቁብኝም! ስሜ ለኢሚግሬሽን አልተላከም። ቪዛዬ በቦታው ነው፤ እኔም በቦታዬ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ጻፍኩት፣ ሌላውን እየሳቁ እንዲያነቡት።

እትዬ አሰገደች ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፈጡማ ሲሀምን አቅፋ፣ ነርሷ የጻፈችልን ወረቀት በእጄ ሆኖ ሄድን። የኮሌጁ ኃላፊ፣ አንዲት ሴት፣ ለእትዬ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ልታገናኝ ስትል እሳቸው እጃቸውን አወዛወዙ። «ራሷ ትተርጉመው። የምላትን ትስማ» አሉ።

ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ። አባባ፣ እንዲያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። አፍ የለሽም ወይ፣ ሰው ሳያስፈቅድ ይጠፋል ወይ፣ እኔ እያለሁ ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው፣ ትምህርትሽን ለማን ብለሽ ነው የምትጥዪው፣ ከስተሽ ከስተሽ አጥንትሽ ቀርቷል፣ አሉ። እኔ «ማስፈቀድ ነበረባት ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ የተናገሩት ከዚህ በጣም ይረዝማል አለችኝ። ስለዚህ ሁሉንም ተረጎምኩ፤ የራሴን ቁጣ በገዛ አፌ። አጥንትሽ ቀርቷል የሚለው ጋ ኃላፊዋ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና ምሳ በልተሻል ወይ አለች።

ቀጥላ ዝምድናችንን ጠየቀች። እርስዎ ያሉኝን አስታወስኩ፤ እትዬ ግን ቀደሙኝ። «እናቷ አይደለሁም። እናቷ አርፋለች፣ አባቷ ሩቅ አገር ነው። ወላጅ አምጪ ስትባል የሚመጣላት ስለሌለ መጣሁ።» ይህን መተርጎም አቃተኝ። ጀመርኩና አለቀስኩ። ኃላፊዋ መሐረብ ሰጠችኝ፣ ለራሷም አንድ ወሰደች።

በዚያ መካከል ሲሀም ጮኸች። እትዬ ከፈጡማ ተቀብለው ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቶቹ መሐል፣ ቀስ አድርገው አስተኟት። «ቀሪ ያደረገቻት ይህች ናት። ቅጣት ካለ ለእሷ ስጧት» አሉ። ተረጎምኩ። ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ ጣቷን ሰጠቻት፣ ሲሀምም ይዛ አልለቀቀቻትም። ውሳኔውን የሰማነው ጣቷ እንደተያዘ ነው።

በክረምቱ ዕረፍት ያመለጠኝን አካክሳለሁ፣ በየሳምንቱ ቢሮዋ እየሄድኩ እፈርማለሁ፣ ደግሜ ከቀረሁ ምሕረት የለም። በቀጣይ የሚገጥመኝን ችግር ሳይረፍድ እንድናገር ቃል አስገብታኛለች። ለፈጡማም እትዬ የኖርዝ ሜልቦርን ሴቶችን ሰብስበው ተራ አወጡ። እኔ ተራዬ ቅዳሜ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን እትዬ እየደወሉ «ወጣሽ?» ይሉኛል። አሁን ሁለት ዩኒት ሊደር አለኝ።

አባባ፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከመግባቴ በፊት በነበረው ምሽት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ገባሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ታኅሣሥ ላይ እዚህ ብርድ የለም፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሸሚዝ ይበቃል። እትዬ አሰገደች ጋቢ ይወዳሉ። ለምን እንደጠየቁኝ አልጠይቅም።

ያልተባረረችው ልጅዎ፣
ዙሃራ


ሜልቦርን፣ ጥቅምት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

አባባ፣

አጭር ናት፣ ፈተና ላይ ነኝ። እስካሁን አንድ ቀን አልቀረሁም። ኃላፊዋ ስፈርም ስሜን ሳታይ ነው መዝገቡን የምትገልጠው፣ ስለ ሲሀም ጥርስም ትጠይቀኛለች።

ታኅሣሥ ላይ እመረቃለሁ ኢንሻ አላህ። ኮሌጁ ለእያንዳንዱ ተመራቂ ሁለት የወላጅ ወንበር ይሰጣል። ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አምጪ ተባልኩ ማለት ነው፣ በዚህኛው ግን ደስ ብሎኛል። አንዱ የእትዬ አሰገደች ነው፤ ልብስ ማሰፋት ጀምረዋል። ሁለተኛው ላይ ማንም አይቀመጥም። ፈጡማ መሐመድኑር ይግባበት አለች፣ እኔ እምቢ አልኩ። ባዶ ሆኖ እንዳየው እፈልጋለሁ፤ የእርስዎ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ የጠየቁትን በአውሮፕላን የሚፈቀደውን የሻንጣ ክብደት መሐመድኑር ጠይቆልዎታል፤ መልሱን ከኋላ ጽፌዋለሁ። ጋሽ ይማም ናቸው የሚመጡት? ፈጡማ ከአሁኑ መጋረጃ አጥባለች። ካልሆኑ ቶሎ ይንገሩን፣ ልቧ ይሰበራል።

ዙሃራ


ደሴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ዙሃራ፣

ፈጡማን አጽናኚያት፤ ጋሽ ይማም አይደለም። ለልጅ ልጁ ግን ማር፣ አብሽና የብር አምባር ልኳል፤ ሻንጣዬን ግማሹን እሱ ሞልቶታል።

ሻንጣዬን ብያለሁ። አሁን ቁጭ በዪ።

መርጋን አልነገርኩሽም? ጋሪ ነጂ ያመጣብኝን? አዲስ አበባ የጉዞ ወኪል ሆኗል። የዛሬ ዓመት ደሴ መጥቶ ሲጠይቀኝ ቤቴ ገብቶ ፎቶሽን አየ። ያንቺን ነገር በሰኔ ስነግረው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ወረቀቴን ሁሉ እሱ ሲያስኬድ ከረመ፤ ቪዛው እስኪመጣ ድረስ ላንቺ እንዳልነግርሽ አስማለኝ። ቪዛው ቢከለከል እንደገና እንዳታዝኚ ብዬ እኔም ደበቅሁሽ። የደበቅሁሽ ይኸው ነው፤ በቀይ አስምሪበት።

ቪዛው መጣ። የቲኬቱን እኔ ልክፈል ብዬ ልከራከር ስል ምን አለኝ መሰለሽ? «ጋሼ፣ ያኔ ወላጅ አምጣ ብለውኝ የውሸቱን አመጣሁ። አሁን እውነተኛውን ወላጅ እኔ ልላክ።» በተማሪ ተሸንፌ አላውቅም ነበር።

ቪዛዬ ሥራ አይፈቅድም፣ ከተሰጠኝ ቀን በላይ መቆየትም አይቻልም። አብሽሪ፤ ሕግ አክባሪ ነኝ፣ ባረፍድ ማን እንደሚያንበረክከኝ አውቃለሁ። ለእትዬ አሰገደች ጋቢ አስሸምኛለሁ። ስቀመጥ ከጎናቸው ነው፤ የሠሩልኝን ሥራ እኔ መሥራት ነበረብኝና መጀመሪያ እጃቸውን እስማለሁ። የሠላሳ ዓመት ልምዴ ምስክሬ ነው፣ ቢሮዬ ቢመጡ ኖሮ ገና አንቺን ሲቆጡ ሳያቸው የልጅቷ ወላጅ እኚህ ናቸው ብዬ በሩን እከፍትላቸው ነበር።

ወንበሩን ባዶ አትተዪው። መድረኩ ላይ «አብዱልራህማን» ብለው ሲጠሩ አንቺ ተነሺ። እኔ ከተቀመጥኩበት «አለሁ» እላለሁ።

አባትሽ